አንድም ኤ ነው፣ አንድም ዲ ነው

ምርጫ እፈራለሁ። ምርጫ ስላችሁ የካርዱን አይደለም፤ እሱን የሚፈሩ ሌሎች ሰዎች አሉ። እኔ የምፈራው የኤ፣ የቢ፣ የሲና የዲውን ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ምግብ ቤት ገብቼ አስተናጋጁ «ሽሮ አለ፣ ምስር አለ፣ ጥብስ አለ፣ ፓስታ አለ» ብሎ አራት ሲቆጥርልኝ ላብ ያጠምቀኛል። አራቱም ትክክል ናቸው እኮ! ሽሮ ልክ ነው፤ ምስርም ቢሆን ምክንያት አለው። ይሄ በሽታ ከየት ያዘህ ያላችሁኝ እንደሆነ፣ ከአገሬ ከላሊበላ ነው፤ ከአንድ ዓይነ ስውር የመጻሕፍት መምህር። አልቀየምኳቸውም። እንዲያውም ትዝ ባሉኝ ቁጥር አፌን ከፍቼ እቀራለሁ። ቆዩ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። በኛ ሰፈር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ማለት እንደ ሙሽራ ነው። ሁሉም ያየዋል፣ ሁሉም ይመክረዋል፣ ሁሉም መጨረሻውን ይጠብቃል። ሕጉ አጭር ነው። ከስድስት መቶው ግማሹን ያመጣ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ያላመጣ ደግሞ የራሱን መላ ይፈልጋል። የኔን መላ አስቀድሞ የፈለገልኝ አጎቴ ነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ግን ገና በጥቅምት ባጃጁን በራችን ላይ አቁሞ ከሹፌሩ ወንበር አስቀመጠኝና «እግርህ ፍሬን ይደርሳል?» አለኝ። ደረሰ። «እሰይ! ለማንኛውም ነው» አለ። ያቺ «ለማንኛውም» ዓመቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣችም።

እናቴ ግን ለማንኛውም የሚባል ነገር አታውቅም። ወደ ቤተ ክርስቲያኖቹ በሚወስደው መንገድ ዳር ከድንጋይ የተፈለፈሉ ትንንሽ መስቀሎች ትሸጣለች። ፈረንጅ መስቀሉን እያገላበጠ ሲያይ እሷ ወደኔ ትጠቁምና «ማይ ሰን፣ ዶክተር» ትለዋለች። ፈረንጁ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰውን ዶክተር ዓይቶ ግራ ይገባዋል። የፈተናው ወራት ሲቃረብማ ጸሎቷም ተበላሸ። «አባታችን ሆይ» ስትደግም «አቤቱ ወደ ፈተና አታግባን» የምትለው ላይ ስትደርስ ቆም ትልና ቀስ ብላ «ከልጄ በቀር» ትጨምራለች። እግዜር ግራ እንዳይገባው ነው።

ችግሩ ዶክተሩ አያነብም። መጽሐፍ ስከፍት እንቅልፌ ይመጣል፣ ስዘጋው ይሄዳል። አንድ ቀን እናቴ መጽሐፉን ደረቴ ላይ ዘርግቼ አፌን ከፍቼ ስተኛ አገኘችኝ። ምንም አላለችም። እኔም ነገሩ ያስፈራኝ ያኔ ነው፤ እናቴ ዝም ካለች አንድ ነገር አስባለች ማለት ነው። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ክንዴን ይዛ ወደ የኔታ ቤት ወሰደችኝ።

የኔታ ከቤታችን በታች፣ ከገደሉ ሥር በምትገኝ አንዲት ክፍል የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ዓይናቸውን በልጅነታቸው ፈንጣጣ ወስዶባቸዋል። ብሉዩንም ሐዲሱንም ከነትርጓሜው በቃላቸው ይዘው ስንቱን ሊቅ አድርገው አሰናብተዋል። ያን ሁሉ ደረጃና ያን ሁሉ የድንጋይ ቦይ ዱላቸውን ይዘው ብቻቸውን ይወርዱታል፤ እኔ ሁለት ዓይን ይዤ በየሳምንቱ እንከባለልበታለሁ።

«በሉ የኔታ፣ እንደተባባልነው ይኸው አምጥቼዋለሁ» አለች እናቴ።

«ይቀመጥ» አሉ የኔታ። «ልጄ፣ ከዛሬ ጀምረህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚህ መጥተህ ታነባለህ። ጮክ ብለህ! ካልሰማሁህ እንደተኛህ ነው የምቆጥረው።»

እሺ አልኩ። በልቤ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኛል። ከሰው ሁሉ መርጣ የማያዩ ተቆጣጣሪ አመጣችልኝ! ሁለት ቀን የባዮሎጂውን እንግሊዝኛ በሥርዓት አነበብኩ፤ ስለ ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝም «ስለ ሕዋስና ስለ ክፍሎቹ ነው» ብዬ አለፍኩ። በሦስተኛው ቀን ስልኬን መጽሐፉ መሃል ሸጎጥኩና የኳስ ወሬ ማንበብ ጀመርኩ፤ ድምፄን እንደ ሊቅ አወፍሬ፣ በየመሃሉ «ማለትም» እያልኩ። እየሄደልኝ ነበር።

«ቆይ እስቲ» አሉ የኔታ። «ትላንትና ሕዋሱ ኒውክለስ አለው፣ ሚቶኮንድሪያ አለው ብለኸኛል። ዛሬ ‘በሰማንያኛው ደቂቃ ፔናሊቲ የሳተው’ ያልከኝ የትኛው የሕዋስ ክፍል ነው?»

ስልኬን ከመጽሐፉ መሃል መዘዝኩና ኪሴ ከተትኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና የትላንቱን ገጽ ከላይ እስከ ታች ወረዱት። በእንግሊዝኛ! እኚህ ሰው ከእንግሊዝኛ የሚያውቋት «ሃሎ ፋዘር» የምትለዋን ብቻ ናት፤ እሷንም ቱሪስት ነው የሚላቸው። አንድ ጊዜ፣ ያውም ከኔ አፍ፣ የሰሙትን ገጽ ነጠላ ሰረዙ ላይ ሳይቀር ቆም እያሉ አነበነቡት። «ራይቦሶም» የምትለዋን ትላንት አንብቤ ስላልገባችኝ «ሪቦሶሜ» ብዬ ነበር ያለፍኳት። «ሪቦሶሜ» አሉ እሳቸውም። ስህተቴን እንኳ አላጎደሉብኝም። እኔ ያንኑ ገጽ በአራት ወር ያልያዝኩ ሰው ነኝ።

«ይሄ ንባቡ ነው» አሉ። «አሁን ትርጉሙን አምጣ።»

ትርጉም! በአብነት ትምህርት ቤት ንባቡ ይቀድማል፣ ትርጉሙ ይከተላል፤ ያልተተረጎመ ንባብ ተይዞ አይታደርም። እኔ ደግሞ እንግሊዝኛውን ስንት ዓመት ሳነብ ትርጉም እንዳለው የነገረኝ ሰው የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኑሮዬ ተናጋ። የማይገባኝን ገጽ ለየኔታ መተርጎም አልችልም፤ ካልተረጎምኩ ደግሞ አይለቁኝም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የባዮሎጂ ቲቸራችንን እየተከተልኩ መጠየቅ ጀመርኩ። ሰውዬው መጀመሪያ ላይ የማሾፍበት መስሎት ነበር።

ፈተናው ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ስለሆነ የድሮዎቹንም መጽሐፎች እንከልሳለን። አንድ ቀን ስለ ዓይን የሚያወራ ምዕራፍ መጣ። እንዴት ብዬ ላንብብላቸው? ቀስ ብዬ ዘለልኩት።

«ገጽ ዘለልክ» አሉ።

«ኧረ የኔታ፣ አልዘለልኩም።»

«ወረቀቱ ሁለቴ ነው ሿ ያለው። መልሰው።»

መለስኩና አነበብኩ። የምናየው ነገር በዓይናችን ጀርባ ላይ የሚያርፈው ተገልብጦ ነው፤ የሚያቃናው አእምሮ ነው ይላል። የኔታ እጃቸውን ወደ ዓይናቸው ሰደዱ። ምነው አፌን በቆረጠው አልኩ።

«ተገልብጦ?» አሉ።

«አዎ የኔታ።»

«ያንተም?»

«የሰው ሁሉ።»

«የንጉሥም?»

«የንጉሥም የኔታ።»

ሳቃቸው ክፍሏን ሞላት። «እንግዲያ ዓይናማው ሁሉ ዓለምን ዘቅዝቆ እየተቀበለ ነው የሚኖር! የሚያየውስ አእምሮ ነው በለኛ! እኔን ከመገልበጡ ገላግሎኛል እኮ!» አሉና ያንን ገጽ ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። እኔ ላዝንላቸው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሐዘኔን ይዤ ቀረሁ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር። ጉድ የፈላው መለማመጃ ጥያቄ ይዤ የሄድኩ ቀን ነው።

«ጥያቄው ይሄ ነው፤ ከሥሩ አራት መልስ አለ» አልኳቸው።

የኔታ ከመደባቸው ላይ ቀና አሉ። «አራት? ለአንድ ጥያቄ?»

«አዎ። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ።»

«እናንተም አንድምታ አላችሁ ለካ!» አሉና እጃቸውን አጨበጨቡ።

ለማያውቅ ሰው ልንገረው። በመጻሕፍት ቤት አንድ ቃል በአንድ ፍቺ አይታለፍም። መምህሩ አንዱን ፍቺ ይሰጡና «አንድም» ብለው ሁለተኛውን ያመጣሉ፣ «አንድም» ብለው ሦስተኛውን። አንድምታ የሚባለው ይሄ ነው። ፍቺ ባበዙ ቁጥር የሊቅነታቸው ጥልቀት ይታያል። የኔታ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት በዚህ ነው። እኔ ደግሞ «አንዱን ብቻ ነው የምንመርጠው» ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ፤ ግን ደስታቸውን ሳይ አፌ እምቢ አለኝ።

ለማሟሟቂያ ቀላሉን ጠየቅኳቸው። የሥር ሥራ ምንድን ነው? ኤ፣ ውሃ መምጠጥ። ቢ፣ ተክሉን ማቆም። ሲ፣ ምግብ ማከማቸት። ዲ፣ ዘር መበተን።

«ኤ ነው፤ ከመሬት ውሃ ይስባል። አንድም ቢ ነው፤ ሥር የሌለው ዛፍ በነፋስ ይወድቃል። አንድም ሲ ነው፤ ካሮትን አላየህም? የሚበላው ሥሩ ነው።»

«ዲ ግን ስህተት ነው የኔታ። ሥር ዘር አይበትንም።»

«አንድም ዲ ነው» አሉ፣ ሳይቸኩሉ። «ሥሩ ውሃ ባያጠጣው፣ ባያቆመው፣ ባይመግበው ዛፉ ያፈራ ነበር? ሳያፈራስ ዘሩን ማን ይበትነው ነበር? የልጅ ምስጋና ለእናቱም ነው።»

ምን እላለሁ? እውነት ነው! ከዚያ ወዲያ አልቻልኩም። ጥያቄ ባየሁ ቁጥር አራቱም ምርጫ ከየምክንያቱ ጋር እየተነሳ ይሟገተኛል። «ዲ፣ ሁሉም መልስ ናቸው» የምትል ምርጫ ስትመጣ የኔታ «ይቺን ያወጣት የአብነት ተማሪ መሆን አለበት» ይላሉ። «መልስ የለም» የምትለዋን ግን አይወዷትም። «ይሄ ተስፋ የቆረጠ ሰው ነው፤ እለፈው» ይሉኛል።

ሞዴል ፈተና ደረሰ። ሞዴል ማለት የዋናው ፈተና መለማመጃ ነው፤ እርሳስህን ይዘህ የመልሱን ክብ ታጠቁራለህ። ተቀምጬ አጠቆርኩ። አንዱ ላይ ሁለት፣ አንዱ ላይ ሦስት፤ ስለ ፎቶሲንተሲስ የሚጠይቀው ላይ አራቱንም አጠቆርኩና ቦታ አነሰኝ። ከኋላዬ የተቀመጠው ጓደኛዬ ሙሄ ወረቀቴን አየት አድርጎ «ምነው፣ ጥልፍ ነው እንዴ የምትጠልፈው?» አለኝ። ውጤቱ ሲመጣ ባዮሎጂ ከመቶ ዘጠኝ አገኘሁ። ዘጠኙም ቢሆኑ ሰዓት አልቆብኝ አንድ ብቻ ያጠቆርኩባቸው ናቸው።

ቲቸር «ወላጅ አምጣ» አለኝ። እናቴ ወረቀቱን ዓይታ ቁጭ አለች። «ዘጠኝ? ልጄ፣ ዘጠኝ ለባጃጅ መንጃ ፈቃድም አይበቃ!» አለችና እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ሳየው የነበረው ቀልድ ሁሉ ያኔ ጠፋብኝ። ፈተናው ሊደርስ የቀረው ስድስት ሳምንት ነው። «ያስተማሩህ እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ሄደው ይመልሱ» አለች መጨረሻ ላይ። የኔታ ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ። ትምህርት ቤቱ ዳገት ስለሆነ አጎቴ በባጃጁ አደረሰን። ስንወርድ «ለማንኛውም እዚሁ እጠብቃችኋለሁ» አለኝ።

የመምህራን ማረፊያ ክፍል ገባን። መምህራኑ የኔታን ሲያዩ ብድግ ብድግ አሉ። ቲቸር ወረቀቴን አነሳና «የኔታ፣ ይሄ ልጅ ያምመዋል እንዴ? ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል የቱ ነው ብዬ ጠይቄው ቀይ የደም ሕዋስም፣ ፕላዝማም ብሎ ሁለቱንም አጠቆረ። መልሱ ቀዩ ነው» አለ።

«ቀዩ ነው» አሉ የኔታ። «አንድም ፕላዝማው ነው። ጥቂትም ብትሆን በፕላዝማው ሟሙታ ትሄዳለች ይላል መጽሐፋችሁ።»

«የቱ ላይ?»

«ከገጹ ግርጌ። ሥዕል አለበት ብሎኛል ልጁ፤ ከሥዕሉ በታች።» ከዚያ እንግሊዝኛውን ወረዱት።

ቲቸር መጽሐፉን ገለጠ። ሌሎቹ መምህራን ከኋላው ተሰበሰቡ። እንደ ተባለው ከግርጌ፣ ከሥዕሉ በታች፣ ቃል በቃል አለ።

«ግን ዋናው ተሸካሚ ቀዩ ነው» አለ ቲቸር፣ ድምፁ ቀንሶ።

«ጥያቄህ ‘ዋናው’ ይላል?»

ቲቸር ጥያቄውን አነበበ። አይልም።

«የኔ ጌታ፣ ጥያቄ ስታወጣ ቃል አትቆጥብ» አሉት፣ እንደ አባት ለስለስ ብለው። «የቆጠብካት ቃል ልጅ ትጥላለች።»

«የኔታ፣ ባዮሎጂ የት ነው የተማሩት?»

«ከዚህ ልጅ አፍ። ስለ ሪቦሶሜም ልትጠይቀኝ ትችላለህ።»

ቲቸር «ሪቦሶሜ» ሲሉ ሰምቶ ወደኔ ዞረ፤ እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። ከዚያ ግን የሰውዬው ፊት ከበደ። ወንበር ስቦ የኔታ አጠገብ ተቀመጠ። «የኔታ፣ እርስዎ ልክ ነዎት። እኔ ብሆን የማርመው ምክንያቱን ጠይቄ ነጥብ እሰጠው ነበር። ዋናውን ፈተና የሚያርመው ግን ሰው አይደለም፤ ማሽን ነው። ሁለት ካጠቆረ ዜሮ ነው።»

«ማሽን?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ልጁ ቢሳሳት፣ ለምን እንደተሳሳተ ማን ይጠይቀዋል?»

«ማንም የኔታ።»

«አዬ!» አሉ። «አንድም» አላስከተሉበትም። የመጻሕፍት መምህር ሲያዝን እንዲያ ነው ለካ። በመልሱ መንገድ ባጃጁ ውስጥ እጄን እንደያዙ ሄዱ፤ ቤታቸው ስንደርስ «በኔ ነው የወደቅኸው» አሉኝ። እንዲያ ሲሉኝ ከዘጠኟ ይልቅ ያቺ ቃላቸው አመመችኝ። የወደቅኩበት ፈተና ቢሆንም ባዮሎጂን የወደድኩት በእሳቸው ነው፤ ግን ይሄን አፍ አውጥቼ አልነገርኳቸውም። ልጅ ሞኝ ነው።

ሁለት ቀን አላነበብንም። በሦስተኛው ቀን ራሳቸው አስጠሩኝ።

«አስቤበታለሁ» አሉ። «ማሽኑ አንድ ብቻ ከሆነ የሚሰማ አንድ እንነግረዋለን። አንተ ግን አራቱንም ስማ። እንግዳ ሲመጣ በደጅ አይመለስም። አራቱንም አስገባ፣ ምን ይላሉ ብለህ ጠይቅ፣ ሦስቱን በክብር ሸኝ።»

«የሚሸኙትን በምን አውቃለሁ?»

«አንድም የሚባለው ከንባቡ ጋር ሲስማማ ነው። ንባቡን ይዘህ ጠይቃቸው። ጠያቂው ሦስቱን ወጥመድ አድርጎ ነው ያበጃቸው፤ ወጥመድም ቢሆን ከእውነት ተቆርጦ ነው የሚበጅ። የተቆረጠባትን ቃል ፈልግ። ‘ዋናው’ ይላል? ‘ሁልጊዜ’ ይላል? ‘ከ... በስተቀር’ ይላል? እዚያች ቃል ላይ ይታያሉ።»

ያን ስድስት ሳምንት እንዲህ ሠራን። ባዮሎጂ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ኬሚስትሪውንም ፊዚክሱንም። አራት እንግዳ እናስገባለን፣ ሦስት እንሸኛለን። የኔታ ግን ጨካኝ መሆን አይችሉም፤ የተሸኘችውን ሁሉ «ሌላ ቀን፣ በሌላ ጥያቄ እውነት ትሆኛለሽ» ብለው ነው የሚያሰናብቷት። ሒሳብ ላይ ብቻ ተቸገሩ። ሁለት ሲደመር ሁለት አራት ነው ስላቸው «አንድም?» አሉ። «የለውም» አልኳቸው። «ምስኪን» አሉ።

ፈተናው የሚሰጠው ወልድያ፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። ፍራሽና ብርድ ልብሳችንን፣ ዳቦ ቆሏችንን ይዘን በአውቶቡስ ልንሄድ ሆነ። ጠዋት ልሰናበታቸው ስሄድ የኔታ ቆመው መረቁኝ። ምርቃቱ ራሱ አንድምታ ነበረው። «በደህና ሂድ፣ በደህና ተመለስ። አንድም አልፈህ ተመለስ። አንድም ሰው ሆነህ ተመለስ» አሉና እንትፍ እንትፍ አሉብኝ። እናቴ መናኸሪያው ድረስ ሸኘችኝ። አጎቴ የባጃጁን ክላክስ እየነፋ አውቶቡሱን እስከ ከተማው መውጫ ተከተለው።

የባዮሎጂ ቀን ፈታኛችን ቀጭን ወጣት ነው፤ ጫማው ሲራመድ አይሰማም። ሙሄ እንደ ልማዱ ከኋላዬ ነው። ጥያቄውን ከፈትኩ። አራቱ እንግዶች ገቡ። ጥሩ እየሄድኩ ነበር፤ ግን ለካ የኔታ ቤት ጮክ ብዬ ማንበብ ስለለመድኩ አፌ ዝም አይልም። «አንድም... አንድም...» እያልኩ ነው።

ፈታኙ ከበላዬ ቆሞ አገኘሁት። «ማነው አንድ፣ አንድ እያለ መልስ የሚያቀብለው?»

«አንድ አላልኩም፤ አንድም ነው ያልኩት» አልኩ።

«ይባስ ብለህ! አንድ ማለት ኤ ነው፤ አንድም ማለት ኤ’ም ልክ ነው ማለት ነዋ!» ወረቀቴን አነሳው። የሙሄንም አነሳ። «ሁለታችሁም ተነሱ!»

የሁለት ሰው ዕድሜ ወረቀት ሆኖ በአንድ እጅ ተይዞ ሲሄድ አየሁ። እናቴ ነጠላዋን ይዛ፣ የኔታ «በኔ ነው» ሲሉ፣ ሁሉም ፊቴ ተደረደሩ። ልናገር ብዬ «የኔታ... አንድምታ... ሥር...» ከማለት በቀር ምንም አልወጣኝም።

የፈተናው አስተባባሪ፣ መነጽር ያደረጉ ትልቅ ሰው፣ ከበሩ ገቡ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ማየት ጀመሩ። ይሄኔ ነው ሙሄ የተነሳ።

«ጌታዬ፣ ወላሂ እኔ ከሱ አልኮረጅኩም! ይሄ ልጅ በሞዴል ባዮሎጂ ዘጠኝ ነው ያመጣው! ከመቶ! ከሱ የሚኮርጅ ሰው መጀመሪያ ጸበል ነው የሚያስፈልገው!»

አዳራሹ በሳቅ አለቀ። አስተባባሪው ግን ወረቀቶቹን አስተያይተው ነበር፤ መልሶቻችን አይገናኙም። «አንድም አንድም የምትለው ለማን ነው?» አሉኝ።

«ለራሴ ነው። አራቱንም እሰማና ሦስቱን እሸኛለሁ።»

አስተባባሪው ወንበሬን ራሳቸው አንስተው ከፊት፣ ከግድግዳው ጋር አስጠጉት። «እዚህ ሆነህ ለግድግዳው ሹክ በል። ድምፅህ ከተሰማ ግን አንተን ነው የምሸኝህ» አሉ። ወረቀታችን ተመለሰልን። በሕይወቴ እንደዚያ ግድግዳ የምወደው ግድግዳ የለም።

ለግድግዳው ሹክ እያልኩ ቀጠልኩ። ወደ መጨረሻው ላይ ስለ ደም የሚጠይቅ አንድ ጥያቄ መጣ። አራቱን አስገባሁ። ሁለቱ ልክ መስለው ፊቴ ተቀመጡ፤ ንባቡን ደግሜ አየሁት። «በዋናነት» ይላል። ቃል ያልቆጠበ ሰው! ለግድግዳው ሳቅኩለት። አንዱን ብቻ አጠቆርኩ።

ውጤት የወጣ ዕለት ኔትወርክ የለም። ከተማው በሙሉ ስልኩን ወደ ሰማይ አንስቶ ይዞራል። ሙሄ ከሆቴሎቹ ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ሲደርስ አገኘና የሱን ዓይቶ ዘለለ፤ አልፏል። የኔን ቁጥር አስገባ። ስልኩን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ ስልኩን አየ። «አብሽር» አለኝ። አብሽር ሲለኝ የወደቅኩ መስሎኝ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ስልኩን አፍንጫዬ ሥር አመጣው። ሦስት መቶ አንድ ይላል። ማለፊያው ሦስት መቶ ነው።

እናቴ እልልታዋን ከመንገድ ዳር ስታቀልጠው ሁለት ቱሪስቶች የንግሥ በዓል መስሏቸው ካሜራቸውን አወጡ። አጎቴ ባጃጁን አቁሞ አቀፈኝና «እኔ እኮ ለማንኛውም ነው ያልኩ!» አለ። እኔ ቁልቁል ሮጥኩ። ያን ደረጃ ሳልወድቅ የወረድኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

«የኔታ! አለፍኩ! ሦስት መቶ አንድ!»

«ማለፊያው ስንት ነበር?»

«ሦስት መቶ።»

ፊታቸው ቀስ ብሎ በራ። «አንድም!» አሉ። እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «ተመስገን! አንድም!» ጢማቸው ላይ እንባ ሲወርድ አየሁ። በጋቢያቸው ጠረጉትና ወደ መደቡ ጠቆሙኝ። «በል ተቀመጥ። የዕፅዋቱ ምዕራፍ አላለቀም።»

«የኔታ፣ ፈተናው እኮ አልቋል።»

«ያንተ ነዋ ያለቀ» አሉኝ።

አልገባኝም። ዞር ስል እናቴ ተከትላኝ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። «አንተን ልጠብቅ ብለው መስሎህ ነበር?» አለችኝ ቀስ ብላ። «እሳቸው ናቸው የለመኑኝ። ‘ልጅሽ ያን መጽሐፍ ከሚተኛበት ለኔ ቢያነብልኝ፤ የዚህ ዘመን ሊቃውንት ምን እንዳሉ ሳልሰማ እንዳልሞት’ አሉኝ። አንተን ማሳለፉ የኔ ምኞት ነበር። የሳቸው መስማት ነው።»

ዓመቱን ሙሉ የዋልኩት ከአንድ ተማሪ ጋር ነበር ለካ። ከኔ የበለጠ ተማሪ።

መጽሐፉን ፈተናው ሲያልቅ ለሙሄ እህት ሰጥቼው ነበር። ሮጬ ሄጄ ከእጇ ለመንኩና ይዤው ተመለስኩ። መደቡ ላይ ተቀመጥኩ፣ ከፈትኩ፣ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ አስቆሙኝ።

«ገጽ ዘለልክ» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ዓይኔ እንባ ሞልቶት አላየሁትም ነበር። መለስኩና ከተውነው ጀመርኩ።